የፎፋ ዋሻና የድንጋዩ ጠባይ

የግልገል ጊቤ ሁለት ኃይል ማመንጫ የራሱ ትልቅ የውሃ ማጠራቀሚያ ግድብ የለውም። ከግልገል ጊቤ አንድ ተርባይኖች የወጣውን ውሃ ተቀብሎ፣ በፎፋ ተራራ ሥር በተቆፈረ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ ወደ ኦሞ ሸለቆ ያወርደዋል። 420 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅሙም የሚገኘው ከዚሁ 500 ሜትር ያህል ቁልቁለት ነው። ስለዚህ ዋሻው ከተዘጋ ሁሉም ይቆማል። በጥር 2002 ዓ.ም. ተመርቆ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው የሆነውም ይኸው ነው፤ ዋሻው አንድ ቦታ ላይ ተደረመሰና ማመንጨቱ ለወራት ተቋረጠ።

ተራራው ጠባዩን ያሳየው ግን ቀደም ብሎ፣ በ1999 ዓ.ም. መጀመሪያ ነበር። ያኔ የደቀቀ ድንጋይና ጭቃ ከፊት መጥቶ ግዙፉን ቆፋሪ ማሽን ወደ ኋላ ገፋው፤ ማሽኑም እዚያው ተቀረቀረ።

ብዙ ሰው ዋሻ ቆፋሪን የሚያስቸግረው የድንጋይ ጥንካሬ ይመስለዋል። ጠንካራ ባዛልት የማሽኑን መቁረጫ ይጨርሳል፣ ሥራውንም ያዘገያል፤ ነገር ግን ተቆፍሮም ራሱን ችሎ ይቆማል። የሚያስፈራው ድንጋዩ የሚለዋወጥበት ቦታ ነው። ደጋችን በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በላይ በላዩ በፈሰሰ ቅልጥ አለት የተገነባ ነው። በአንዱ ፍሰትና በሚቀጥለው መካከል የእሳተ ገሞራ አመድና የጥንት አፈር ተቀብሮ ይገኛል። የምድር መለጠጥ ደግሞ አለቱን ሰባብሮታል። በስብራቱ ውስጥ የደቀቀው ድንጋይ እየበሰበሰ ሸክላ ይሆናል፤ ሸክላው ውሃ አያሳልፍምና ከጀርባው ከፍተኛ ግፊት ያለው ውሃ ይጠራቀማል። ማሽኑ ያንን ሸክላ ሲነካው ሁሉም በአንድ ጊዜ ይለቀቃል።

የምህንድስና ጂኦሎጂ ሥራ ይህን ቀድሞ ማወቅ ነው። ባለሙያው ከላይ ሆኖ ስብራቶችን በካርታ ያሰፍራል፣ ጉድጓድ አስቆፍሮ የድንጋይ ናሙና ያወጣል። ከወጣው ናሙና ውስጥ ሳይሰባበር ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ርዝመት ይዞ የተገኘው ምን ያህል እንደሆነ ይለካል፤ ድርሻው ባነሰ ቁጥር ዋሻው ብርቱ ድጋፍ ይፈልጋል። ሆኖም ጉድጓዱ የሚያሳየው የክንድ ውፍረት ያህል ድንጋይ ብቻ ነው። ዋሻው ከመሬት በታች በጥልቀት ሲሄድ ደግሞ እያንዳንዱ ጉድጓድ ውድ ስለሚሆን በሁለት ጉድጓዶች መካከል ያለው በግምት ይሞላል። ግምቱን የሚያርመው በቁፋሮው ጊዜ የሚደረግ ክትትል ነው። እኔ ከሁሉ አብልጬ የማየው ይህንኑ ነው፤ የጥናቱ ሪፖርት ተጠናቆ ሲቀርብ የጂኦሎጂስቱ ሥራ ገና መጀመሩ ነው።

ከማሽኑ ፊት አሥር ሃያ ሜትር የሚዘልቅ ቀጭን መፈተሻ ቀዳዳ ከተቦረቦረ፣ ውሃው በቀዳዳው ቀድሞ ይመጣል። ያኔ ውሃውን ማስተንፈስ፣ የላላውን ድንጋይ በሲሚንቶ ማጠንከር ይቻላል። ቦርቡሮ መጠበቅ ማሽኑን ለሰዓታት ያቆማል፤ ጊዜ ሲያጥር መጀመሪያ የሚዘለለውም ይኸው ነው። መዝለሉ ግን ለወራት መቆምን ሊያስከትል ይችላል።

በፎፋ የተሠራባቸውን የመሰሉ ባለ ሁለት ጋሻ ማሽኖች እየቆፈሩ ወዲያው ግድግዳውን በኮንክሪት ስለሚሸፍኑ አለቱ በግልጽ አይታይም። ጂኦሎጂስቱ የሚመረምረው የወጣውን ፍርካሽ፣ ማሽኑ ለመግፋት የጠየቀውን ኃይልና የሚወርደውን ውሃ ነው። ይህን በየሜትሩ መዝግቦ ካላስቀመጠ፣ ከዓመታት በኋላ ለጥገና የሚገባ መሐንዲስ ከኮንክሪቱ ጀርባ ምን እንዳለ የሚነግረው አያገኝም።