የተጎታች ቤት አንቴና

ከመኪና ኋላ በምትጎተት ትንሽ ቤት ጣሪያ ላይ የሚቆም የሬዲዮ አንቴና ላየው ሰው አንድ ቀጭን ዘንግ ነው። ሥራው ግን የሁለት ነው፤ ግማሹን ዘንጉ፣ ግማሹን ከሥሩ የተነጠፈው ብረት ይሠራዋል። በመኪና ላይ ይህ ጉዳይ አይነሳም፤ ጣሪያው ላሜራ ስለሆነ የሚያስፈልገው ብረት አስቀድሞ አለ። የተጎታች ቤት ጣሪያ ከምን እንደተሠራ ሳያጣሩ አንቴና መግዛት ግን ገንዘብ መጣል ነው።

በሰሜን አሜሪካ መንገዶች ከሚታዩት ትንንሽ ተጎታች ቤቶች አንዳንዶቹ እንደ ኤርስትሪም አሉሚኒየም የለበሱ ናቸው። ሌሎቹ እ.ኤ.አ. በ1968 በካናዳዋ ዊኒፔግ መሠራት የጀመረውን ቦለርን የመሰሉ የፋይበርግላስ ቤቶች ናቸው፤ ላይና ታች ሁለት ቅርፊት ሆነው ተቀርጸው ወገባቸው ላይ ይገጠማሉ። አሉሚኒየም ለአንቴናው ጥሩ መደብ ይሆናል፤ ማግኔት ግን አይዘውም። ፋይበርግላስ ደግሞ ማግኔትም አይዘው፣ መደብም አይሆን። ስለዚህ ለመኪና ጣሪያ የተሠራው ባለማግኔት አንቴና ለሁለቱም አይረባም።

የሚያስፈልገው ብረት ስፋት በሞገዱ ርዝመት ይወሰናል። 300ን ለሜጋኸርዙ ቁጥር ማካፈል የሞገዱን ርዝመት በሜትር ይሰጣል፤ የተለመደው ዘንግ የዚያ ሩብ ነው። በአሜሪካ የከባድ መኪና ሾፌሮች የሚነጋገሩበት ሲቢ 27 ሜጋኸርዝ ገደማ ላይ ስለሚሠራ ሩቡ 2.75 ሜትር ይደርሳል። የሬዲዮ አማተሮች በሚጠቀሙበት 146 ሜጋኸርዝ ግማሽ ሜትር ያህል ነው። ፈተና የሌለው፣ ፈቃድ ብቻ የሚጠይቀው ጂኤምአርኤስ የተባለ የሬዲዮ አገልግሎት በሚሠራበት 462 ሜጋኸርዝ ደግሞ 16 ሴንቲ ሜትር፣ አንድ እርሳስ የማያህል ዘንግ ይበቃል። ከሥሩ የሚነጠፈው ብረትም ከዘንጉ በየአቅጣጫው ቢያንስ ይህንኑ ያህል መዘርጋት አለበት።

ረጅሙን ዘንግ ማሳጠር ይቻላል። በኢትዮጵያ መንገዶች በእርዳታ ድርጅቶች ነጭ ላንድክሩዘሮች የፊት መከላከያ ብረት ላይ የሚወዛወዘው አንቴና ሊሸከመው ከሚገባው ሞገድ አንጻር እጅግ አጭር ነው፤ የጎደለውን ርዝመት ጥቅልል ሽቦ ይሞላለታል። ለሲቢም አንድ ሜትር ገደማ የሆኑ ባለጥቅልል አንቴናዎች አሉ። ዋጋው ግን አይቀርም፤ አንቴናው ባጠረ ቁጥር ኃይል ይባክናል፣ የሚስማማውም ለጥቂት ቻናሎች ብቻ ይሆናል።

ፋይበርግላስ ቤት ላለው ሰው ከሁሉ የሚቀለው ሜጋኸርዙ ከፍ ያለውን ሞገድ መምረጥ ነው። ለጂኤምአርኤስ 35 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ የአሉሚኒየም ላሜራ ከኮርኒሱ በላይ፣ ከጣሪያው ሥር ቢለጠፍ ጉዳዩ ያልቃል፤ ከውጭም አይታይም። የአንቴናው መቀመጫ ላሜራውን በደንብ ነክሶ መያዝ አለበት። ቀለም ወይም ሙጫ በመካከል ከገባ ብረቱ እንደሌለ ይቆጠራል፤ ስለዚህ መገናኛው በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል። ሲቢ የግድ ከሆነ ላሜራ የማይፈልግ ተብሎ የሚሸጥ አንቴና አለ። የጎደለውን ግማሽ የሚተካው ራሱ የተሰጠው ገመድ ስለሆነ፣ ተረፈ ብሎ መቁረጥ አንቴናውን ማበላሸት ነው።

ቦታው የጣሪያው መሐል ቢሆን ይመረጣል፤ ጠርዝ ላይ የተተከለ አንቴና ብረቱ ወደበዛበት አቅጣጫ ያደላል። ከአየር ማቀዝቀዣው ሣጥንና ከሶላር ፓነሉም መራቅ አለበት። ሶላሩ ከመጋረድ ሌላ ችግር አለው፤ ባትሪ መሙያ መቆጣጠሪያው በሬዲዮው ውስጥ የሚንጫጫ ድምፅ ይለቃል። የድምፁን ምንጭ ለማግኘት ሬዲዮውን ከፍቶ የቤቱን ፊውዞች አንድ በአንድ መንቀል ነው፤ ጫጫታው ጸጥ ያለበት ፊውዝ ጥፋተኛው ነው። ብዙ ጊዜ ርካሽ የኤልኢዲ አምፖል ሆኖ ይገኛል።

የተለመደው የአንቴና መቀመጫ 19 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይፈልጋል። ከመብሳት በፊት ከውስጥ በኩል የመብራት ሽቦ ወይም ማገር አለመኖሩ ይረጋገጣል። ፋይበርግላሱ እንዳይሰነጠቅ ቦታው ላይ ፕላስተር ተለጥፎ በዝግታ ይበሳል። ዙሪያውን ለማሸግ እንደ ሊጥ የሚለጠጥ የቡቲል ጎማ ይሻላል፤ ተራ ሲሊኮን አንዴ ከተቀባ በኋላ ሌላ ነገር አይለጠፍበትም። ገመዱ ከውጭ የሚገባ ከሆነ ከመግቢያው በታች ወደ መሬት ዘንበል ብሎ ይታጠፋል፤ ዝናቡ እዚያው ይንጠባጠባል እንጂ ገመዱን ተከትሎ ቤት አይገባም።

ገመድ ላይ መቆጠብ የተለመደ ስሕተት ነው። አምስት ሜትር ቀጭን አርጂ-58 በ462 ሜጋኸርዝ ከኃይሉ ሲሶ ያህሉን ሙቀት አድርጎ ያስቀረዋል። ወፈር ያለው ኤልኤምአር-240 የሚያባክነው ከአምስት አንድ እጅ አይሞላም። ለሲቢ ግን ቀጭኑ ይበቃል።

ብዙ ከመናገር በፊት ወደ ሬዲዮው የሚመለሰው ኃይል በኤስደብልዩአር መለኪያ ይታያል። ልኬቱ ገላጣ ሜዳ ላይ፣ የቤቱ በር ተዘግቶ ይወሰዳል። 1.5 እና ከዚያ በታች ጥሩ ነው፤ 2 ሲሆን ከኃይሉ 11 በመቶ፣ 3 ሲሆን 25 በመቶ ይመለሳል። በሲቢ ቻናል 1 ላይ ከቻናል 40 የበለጠ ቁጥር ከታየ አንቴናው አጥሯል፤ ተቃራኒው ከሆነ ረዝሟል። በሁሉም ቻናል ከ3 በላይ ከሆነ ርዝመቱን መነካካት ዋጋ የለውም፤ ወይ በገመዱ ውስጥ ሽቦዎቹ እርስ በርስ ተነካክተዋል፣ ወይ ያ የተረሳው ግማሽ፣ ከሥሩ ያለው ብረት፣ ከመቀመጫው ጋር አልተገናኘም።

በመጨረሻ የቤቱ ቁመት ከነአንቴናው ተለክቶ ሾፌሩ ፊት ለፊት ይለጠፋል። ለጉዞ ከሥሩ ሞላ ያለው ወይም የሚታጠፍ ዘንግ ይመረጣል፤ የዛፍ ቅርንጫፍ ግትሩን ዘንግ ሲመታው የሚቀደደው ዘንጉ ሳይሆን ጣሪያው ነውና።