ከባድ ሞተር በመንዝና በመርሐቤቴ መንገድ

የረጅም ጉዞ ሞተር ሳይክል አስፋልቱንም ጥርጊያ መንገዱንም እንዲችል ሆኖ የተሠራ ተሽከርካሪ ነው። ለዘርፉ ፈር የቀደደው ቢ.ኤም.ደብሊው በ1980 እ.ኤ.አ. ያወጣው አር 80 ጂ/ኤስ ሲሆን፣ በዓመቱ ኡበር ኦሪዮል በዚሁ ሞተር ሥሪት የፓሪስ–ዳካርን ውድድር አሸንፏል። ከዚያ በኋላ የመጡት ትልልቅ ሞተሮች ይበልጥ ይከብዳሉ። አር 1250 ጂ.ኤስ. ነዳጁ ሞልቶ 249 ኪሎ ይመዝናል፤ ሁለት ኩንታል ተኩል ገደማ ማለት ነው። ጓዝ ሲጫንበት ይህም ይጨምራል።

የሰሜን ሸዋ ደጋ ይህን ክብደት ይፈትናል። ከጣርማ በር በመንዝ ወዳሉት ሞላሌና መሐል ሜዳ ሲዘለቅ ከፍታው 3,000 ሜትር አካባቢ ነው፤ ጓሳ ደግሞ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። በ3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ሞተሩ ከጉልበቱ ሲሶ የሚጠጋ ያጣል። ስለዚህ ዳገቱ ሳይጀመር ማርሽ መቀነስ ያስፈልጋል።

መተማመን የሚገነባው ከቀላሉ ወደ ከባዱ በቅደም ተከተል በመለማመድ ነው። የመጀመሪያው ትምህርት የወደቀን ሞተር ማንሳት ነው፤ ማንሳት የሚችል ሰው መውደቅን ያን ያህል አይፈራም። ሞተሩ ይጠፋል፣ እንዳይንከባለል ማርሽ ይገባል፣ በቀኝ በኩል ከወደቀ የጎን ማቆሚያው አስቀድሞ ይዘረጋል። አንሺው ጀርባውን ሰጥቶ መቀመጫውን በዳሌው ይደገፋል፤ በአንድ እጁ መሪውን፣ በሌላው የኋላውን የጓዝ መጫኛ ይይዛል፤ ከዚያ ወገቡን ሳያጎብጥ በእግሩ እየገፋ በትንሽ በትንሹ ወደ ኋላ ይራመዳል። ተዳፋት ላይ ጎማዎቹ ሽቅብ ከዞሩ፣ መጀመሪያ ሞተሩን እየጎተቱ ጎማዎቹን ወደ ቁልቁል ማዞር ይቀድማል።

ሁለተኛው በዝግታ መንዳት ነው። ሜዳ ላይ ፍሪሲዮኑን በከፊል ይዞ፣ የኋላ ፍሬኑን በስሱ ረግጦ፣ እየጠበበ በሚሄድ ክብ መዞር የሞተሩን ሚዛን ያስተምራል። ሦስተኛው ቆሞ መንዳት ነው፤ ክብደቱ በእግር መርገጫው ላይ ያርፋል፣ ጉልበት ሰልባትዮውን ያቅፋል፣ እጅ መሪውን ሳያጠብቅ ይይዛል። ኮረት ላይ ሞተሩ ከሥር ቢንቀጠቀጥም ጋዙ ካልተቆራረጠ መስመሩን ይይዛል። ዓይን ሊረግጡት ከማይፈልጉት ድንጋይ ተነሥቶ መሄጃው ላይ ማረፍ አለበት፤ ሞተር ዓይን ወዳለበት ይሄዳልና።

ከዚህ በኋላ ቁልቁለት ይመጣል። ከለሚ በመርሐቤቴ ወዳለችው ዓለም ከተማ ሲኬድ መንገዱ ወደ ጀማ ሸለቆ ወርዶ እንደገና ይወጣል። እንዲህ ባለ ረጅም ቁልቁለት ፍሬን ብቻውን ከታመነበት ግሎ ይደክማል፤ ስለዚህ አንደኛ ወይም ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝ ማድረግ ይሻላል። የፊት ፍሬን ኃይለኛ ስለሆነ ቀስ በቀስ ይጨበጣል፤ ድንገት ከተጨበጠ ጎማው ኮረት ላይ ይንሸራተታል። ዳገት ላይ ሞተሩ ከጠፋ ፍሪሲዮኑን አለመያዝ ነው፤ የገባው ማርሽ የኋላውን ጎማ ቆልፎ ያቆመዋል።

የመጨረሻው ፈተና ጭቃና ውሃ ነው። እርጥብ ዋልካ የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ያለሰልሰዋል፣ ፓራፋንጎው ሥር ገብቶም ጎማውን እስከ ማቆም ይደርሳል። መንዝ ከክረምቱ ሌላ የበልግ ዝናብም ስለሚያገኝ ይህ ሁለት ወቅት ያጋጥማል፤ መንገዱ እስኪጠነፍፍ መጠበቅም የችሎታ አካል ነው። ወንዝ ከመግባት በፊት በእግር ተሻግሮ ጥልቀቱንና ወለሉን ማየት ይገባል። ላይኛው አገር ከዘነበ ደራሽ ውሃ ሊመጣ ስለሚችል ጎርፉ እስኪያልፍ ዳር መቆየት ግድ ነው።

መንገዱ የበግ፣ የአህያና የበቅሎም ነው። ጭነት የያዘ እንስሳ ሲያጋጥም ጋዝ መቀነስ፣ ከደነበረም ሞተሩን አጥፍቶ ማሳለፍ ተገቢ ነው። ጓሳም ሕዝቡ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሥርዓት የጠበቀው ሣርና የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ስለሆነ፣ አሽከርካሪው ከተጠረገው መንገድ አይወጣም። ልምምዱን በቀላል ሞተር ጀምሮ፣ ያለ ጓዝ በከባዱ ደግሞ፣ ከዚያ ጓዝ ጭኖ ከባልደረባ ጋር የወጣ ሰው በእነዚህ መንገዶች ላይ አቅሙን ያውቃል፤ የት ማለፍ፣ የት መመለስ እንዳለበትም ይለያል።