የጉቶ መድኃኒትና የጎረቤት ዛፍ

ባሕር ዛፍን መቁረጥ ቀላል ነው፤ ከባሕር ዛፍ መገላገል ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ ምድር ዘሩ መጥቶ ደጋውን ሁሉ ያለበሰው፣ ገበሬውም የወደደው፣ ቆርጠው በሸጡት ቁጥር ከጉቶው ስለሚያቆጠቁጥ ነው። በቦታው እህል ሊዘራበት፣ ቤት ሊሠራበት ወይም ጥድና ወይራ ሊተከልበት ሲታሰብ ግን ይኸው ጠባዩ ጣጣ ይሆናል። ክረምት በገባ ቁጥር ጉቶው በቀንበጥ ይሸፈናል። ይሄኔ አንዱ ብድግ ብሎ «መድኃኒት ቀባበት» ይላል።

መድኃኒት የተባለው ፀረ አረም ነው። ለጉቶ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ግላይፎሴት ሲሆን፣ ከ1974 ጀምሮ በተሸጠበት ስም ራውንድአፕ የሚለው ሰው ይበዛል። አሠራሩን ለማየት ትኩስ ጉቶን ጎንበስ ብሎ መመልከት ይበቃል። መሃሉ በአብዛኛው የሞተ እንጨት ነው። ሕይወት ያለው ከቅርፊቱ ሥር በዙሪያው ያለው እርጥብ ቀለበት ነው፤ ውኃና ምግብ የሚመላለሰው በዚያ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ በብሩሽ የሚቀባው ቀለበቱን ብቻ ነው፤ መሃሉን ማጥለቅለቅ ገንዘብ ማባከን ነው። በውኃ የተበጠበጠ ከሆነ ደግሞ መጋዙ እንደተነሣ በደቂቃዎች ውስጥ መቀባት አለበት፤ የተቆረጠው ፊት ከደረቀ ወደ ውስጥ አይገባም። በደንብ ከገባ እስከ ሥሩ ጫፍ ይወርዳል፤ ተክሉ ፕሮቲን ለመሥራት የሚያስፈልጉትን ንጥረ ነገሮች የሚያዘጋጅበትን አንድ ኤንዛይም ያግዳል፤ ሥሩም ቀስ በቀስ ይሞታል።

ችግሩ ሥሩ የት እንደሚያበቃ ከላይ ሆኖ ማወቅ አለመቻሉ ነው። ተጠጋግተው የበቀሉ አንድ ዓይነት ዛፎች ሥሮቻቸው ከመሬት በታች ሲፋተጉ ቅርፊታቸው ይላጥና ተጋጥመው አንድ ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ ውኃውም ምግቡም ከአንዱ ወደ ሌላው ያልፋል። በኒውዚላንድ፣ ከኦክላንድ ከተማ በስተምዕራብ፣ ሁለት ተመራማሪዎች አንድ ቅጠል የሌለው የካውሪ ዛፍ ጉቶ ሕያው ሆኖ አገኙ። የውኃ ፍሰት መለኪያ ገጠሙለት። አጠገቡ ያሉት ካውሪዎች ቀን ላይ ውኃ በብዛት ሲስቡ የጉቶው ፍሰት ይቀንሳል፤ ሌሊት እነሱ ሲያርፉ የእሱ ይጨምራል። ጎረቤቶቹ በሥር እየቀለቡት ነበር ማለት ነው። ጥናቱ በ2019 ታትሟል።

ሰው ስለዚህ ጉቶ ሲያወራ የዛፎችን ደግነት ያደንቃል። እኔ የማስበው ሌላ ነው፤ ያ ጉቶ ግላይፎሴት ተቀብቶ ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱ በዚያው መንገድ ወደ ቀላቢዎቹ ሊሻገር ይችል ነበር። በደን ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ይህን ካስተዋሉት ቆይተዋል። ደን ለማሳሳት አንዱን ዛፍ ቆርጠው ጉቶውን ሲቀቡ፣ ሊያስቀሩት የፈለጉት ጎረቤቱም የሚደርቅበት ጊዜ አለ። የኤልም ዛፍን የሚፈጀው የፈንገስ በሽታም በዚሁ የሥር መጋጠሚያ ስለሚተላለፍ፣ በአሜሪካ ከተሞች በታመመውና በጤነኛው መካከል ቦይ የሚቆፈርበት ጊዜ አለ። ቦይ ለጉቶም ይሠራል፤ ነገር ግን የምናድነውንም ዛፍ ሥር ስለሚቆርጥ ለትልቅ ዛፍ አልመክረውም።

እንግዲህ በአንድ መስመር ከተተከሉ ባሕር ዛፎች ግማሹን ቆርጦ ግማሹን ማስቀረት የፈለገ ሰው ፀረ አረምን ቢተወው ይሻላል። ከአንድ ጉቶ ከበቀሉ ሦስት አራት ግንዶች አንዱን ቆርጦ መቀባትማ ጭራሽ አይታሰብም፤ ሥራቸው አንድ ነው። ባሕር ዛፉ አጠገብ ያለው ጥድ ወይም ወይራ ከሆነ ግን ሥሮቻቸው የመጋጠማቸው ዕድል እጅግ ጠባብ ነው። እዚህ ላይ ዋናው ጥያቄ ዝምድና ሳይሆን የመድኃኒቱ ዓይነት ይሆናል።

ግላይፎሴት አፈር ላይ ቢንጠባጠብ ከአፈሩ ጋር ይጣበቃል፤ የጎረቤት ሥር ብዙም አያገኘው። ኢማዛፒርና ፒክሎራም የሚባሉት ፀረ አረሞች ግን እንዲህ አይደሉም። አፈር ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያሉ፤ በውኃ ይንቀሳቀሳሉ፤ ያገኛቸው ሥር ይስባቸዋል፤ የማንም ዘመድ መሆን አያስፈልገውም። የትልቅ ዛፍ ሥር ደግሞ ከቅርንጫፉ ጥላ አልፎ ሩቅ ይሄዳል። በ2011 አሜሪካ ውስጥ የሆነው ጥሩ ማሳያ ነው፤ ዱፖንት የተባለው ኩባንያ ኢምፕሬሊስ የሚባል የግቢ ሣር ፀረ አረም ለገበያ አውጥቶ፣ ሣሩ ላይ የተረጨው መድኃኒት በሥር ተስቦ የጥድ ዘመድ የሆኑ ትልልቅ ዛፎችን ገደለ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም ሽያጩን አስቆመ። ዛፎቹን ማንም አልነካቸውም ነበር።

ገበሬው ቱፎርዲ የሚለው ፀረ አረም ደግሞ ሌላ መልክ አለው። አንዳንዱ ዓይነቱ በሙቀት ተንኖ በነፋስ ስለሚሄድ፣ ስንዴውን ሳይነካ ሰፊ ቅጠል ያለውን ሁሉ ያጣምማል። ለጉቶ የሚረጭ ሰው ካየሁ የምጠይቀው ለምን በብሩሽ እንደማይቀባ ነው። ደቡብ አፍሪካ ከ1995 ጀምሮ መጤ ዛፎችን ከወንዝ ዳር በምታስወግድበት መርሐ ግብር፣ መድኃኒቱ ውስጥ ቀለም ይጨመራል፤ የትኛው ጉቶ እንደተቀባና የት እንደፈሰሰ ወዲያው ይታያል። ርካሽና ብልህ ዘዴ ነው።

ፀረ አረም ፈርተው ጨው የሚነሰንሱ፣ ናፍጣ ወይም የተቃጠለ ዘይት የሚያፈሱም አሉ። ይህ የባሰ ነው። ጨው ጉቶና ጎረቤት አይለይም፤ አፈሩንም ያበላሻል። ጊዜ ያለው ሰው ጉቶውን ከመሬት እኩል ቆርጦ፣ የሚወጣውን ቀንበጥ ገና ጨቅላ ሳለ እየደጋገመ ቢገነጥለው፣ ሥሩ ያጠራቀመው ምግብ ያልቅና ይሞታል። ጉልበት ያለው ደግሞ በዶማና በመጥረቢያ ይንቀለዋል፤ ጉቶው ጥሩ ማገዶ ነው።

መድኃኒቱ ከተቀባ በኋላ ጎረቤቱን ዛፍ መከታተል ያስፈልጋል። ግላይፎሴት የደረሰው ዛፍ አዲስ የሚያወጣው ቅጠል ያንሳል፣ ይጠብባል፣ ይገረጣል፤ ቱፎርዲና ፒክሎራም የደረሱት ደግሞ ቀንበጡ ይጣመማል፣ ቅጠሉ ይጠቀለላል። ማርከሻ የለውም። በድርቅ ወቅት ውኃ ማጠጣት ይጠቅማል፤ ማዳበሪያ መጨመር ግን አይመከርም። መጠኑ ትንሽ ከሆነ ዛፉ ሊያገግም ስለሚችል፣ የሚቀጥለው ክረምት አልፎ አዲስ ቅጠሉ ሳይታይ መጋዝ አይነሣበት።