አንድ ዐለት፣ አራት ማማዎች

ከመካከላችን ባሕር አይቶ የማያውቀው ብዙ ነው። ስለዚህ «የባሕር መብራት ማማ» ምን እንደሆነ አስቀድመን እንግለጽ። በውኃ የተሸፈነ ዐለት በሌሊት ለሚጓዝ መርከብ መቃብር ነው። መርከበኛው ከሩቅ አይቶ እንዲሸሽ በዐለቱ ወይም በጠረፉ ላይ ረጅም ግንብ ተሠርቶ በአናቱ መብራት ይበራል። ማማ የምንለው ይኸንኑ ነው። ዛሬ የምናነሣው በእንግሊዝ አገር የሚገኘውን የኤዲስቶንን ማማ ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኤዲስቶን ከፕሊመዝ ወደብ በስተደቡብ ምዕራብ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በባሕር መካከል ያለ ዐለት ነው። የባሕሩ ውኃ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ ሲሞላ ዐለቱ ለመሰወር ምንም አይቀረው። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ግንብ ይቆማል ብሎ ማን ያስባል? ሄንሪ ዊንስታንሊ አሰበ። ገንዘቡን ያወጣባቸው መርከቦች እዚያው ተሰባብረውበት ነበርና ቁጭት ነበረበት።

የመጀመሪያው መብራት በኖቬምበር 1698 በራ። ማማው ጌጡና በረንዳው የበዛ ነበር። ዊንስታንሊ በሥራው እጅግ ከመተማመኑ የተነሣ፣ ታይቶ የማይታወቅ ማዕበል በተነሣ ቀን በውስጡ ለመገኘት ይመኝ ነበር ይባላል። ምኞቱም ደረሰ። ለጥገና ሄዶ ሳለ፣ ኖቬምበር 26 ቀን 1703 ሌሊት ታላቅ ማዕበል ተነሥቶ ማማውን፣ እሱንና አብረውት የነበሩትን ሁሉ ጠራርጎ ወሰደ። ከጥቂት ቀን በኋላም አንዲት መርከብ በዚያው ዐለት ላይ ተሰበረች።

ሁለተኛውን የሠራው ጆን ራድየርድ የሐር ነጋዴ ነበር። ነጋዴ ይሁን እንጂ ከፊተኛው ውድቀት ተምሯል። ማዕበል የሚይዘው ጌጥና ማዕዘን አስቀርቶ፣ ክብና ልሙጥ አድርጎ፣ በመርከብ ሠሪዎች እጅ በእንጨት ገነባው፤ ከሥሩም ድንጋይ ሞላበት። በ1709 ያለቀው ይህ ማማ ውኃን 46 ዓመት ቻለ። እሳትን ግን አልቻለም። በዲሴምበር 1755 ከመብራቱ በኩል ተቀጣጥሎ ነደደ። ሄንሪ ሆል የተባለው የ94 ዓመት ጠባቂ ቀና ብሎ ውኃ ሲረጭ፣ የጣሪያው እርሳስ ቀልጦ አፉ ውስጥ ገባ። ሽማግሌው «ዋጥኩት» ቢል የሚያምነው አጣ። ከቀናት በኋላ ሲሞት ሐኪሙ ከሆዱ 200 ግራም ያህል እርሳስ አወጣ።

ሦስተኛው ጆን ስሚተን ነው። እሱ ውኃም እሳትም የሚችል ነገር ፈለገ፤ ድንጋይን መረጠ። ማማውን እንደ ትልቅ ዛፍ ግንድ ከሥሩ አስፍቶ ወደ ላይ እያጠበበ አወጣው። ድንጋዮቹንም አናጢ የመሳቢያን ማዕዘን እንደሚያቆላልፍ፣ አንዱን በሌላው ውስጥ አቆላለፋቸው። ዐለቱ ላይ መሥራት የሚቻለው ውኃው በሸሸባቸው ጥቂት ሰዓታት ብቻ ስለነበረ፣ ድንጋዩ በየብስ ተጠርቦና ተገጣጥሞ ከተሞከረ በኋላ ነበር በጀልባ የሚሄደው።

ዋናው ችግር ግን ማያያዣው ነበር። ተራ ኖራ ውኃ ውስጥ አይጠነክርም። በዚያን ጊዜ ሰዉ «ጠንካራ ድንጋይ ጠንካራ ኖራ ይሰጣል» ብሎ ያምን ነበር። ስሚተን የሰማውን ዝም ብሎ አልተቀበለም። ከየቦታው የመጣ ኖራ እያቦካና እያድቦለቦለ ውኃ ውስጥ ከተተ። ከዚያም የኖራ ድንጋዮቹን በአሲድ አሟሟ። በውኃ ውስጥ የሚጠነክረውን ኖራ የሚሰጡት ድንጋዮች ሸክላ አፈር ያለባቸው ሆነው ተገኙ። ጥንካሬው ዋጋ አልነበረውም ማለት ነው! በ1824 የባለቤትነት መብት ለተሰጠው ለፖርትላንድ ሲሚንቶ መንገድ ከጠረጉት ግኝቶች አንዱ ይኸው ነው።

የስሚተን ማማ በኦክቶበር 1759 በ24 ሻማ በራ፤ ከመቶ ዓመት በላይም አገለገለ። በመጨረሻ የደከመው ማማው ሳይሆን ዐለቱ ነው፤ ማዕበሉ ከሥሩ ሸረሸረው። ስለዚህ ጄምስ ዳግላስ በአጠገቡ ባለ ዐለት ላይ አራተኛውን ሠርቶ በ1882 አበራው። ቁመቱ 49 ሜትር ሲሆን፣ ከ1982 ጀምሮ ያለ ጠባቂ በራሱ ይሠራል። የስሚተን ማማ የላይኛው ክፍል ፈርሶ በፕሊመዝ ከተማ እንደገና ቆመ። የታችኛው ግን እንዳለ አለ፤ ሊነቅለው የቻለ የለም።

እንግዲህ መምህራን ለምንሆን ሰዎች ቁም ነገሩ ምንድን ነው? ዊንስታንሊ ደፋር ነበር፤ ነገር ግን ማማውን የፈተነው ባሕሩ ነው። ስሚተን ግን ባሕሩ ሳይፈትነው ራሱ ፈተነ። የስሚተንን ሙከራ በየትኛውም ትምህርት ቤት ልንደግመው እንችላለን። ከተራ ኖራ አንድ፣ ከሲሚንቶ አንድ ድቡልቡል ሠርተን፣ ጥቂት ጠጠር ሲሉ ውኃ ውስጥ ከትተን ለሳምንት እንተዋቸው። ታዲያ ኖራ እጅ ይበላልና ማቡካቱ የመምህሩ ሥራ ይሁን። ሳምንቱ ሲሞላ ተማሪዎቹ ሁለቱንም ይጫኗቸው። የትኛው እንደሚፈርስ አስቀድመን አንንገራቸው፤ ጣታቸው ይነግራቸዋል።