ቆጣሪ የማያስሮጥ፣ እንቅልፍ የማይነሳ የፊልም ሳጥን

የሠርግ ቪዲዮ፣ የልጅ ክርስትና፣ የወንድም ኒካህ፣ ውጭ አገር ያለችው ልጅ በቴሌግራም የላከችው የልጅ ልጅ ፎቶ፣ ከፊልም ቤት በፍላሽ ተጭኖ የመጣ ድራማ፤ ዛሬ የማይገኝበት ቤት የለም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ግማሹ በአንዱ ልጅ ስልክ፣ ግማሹ በፍላሽ፣ የቀረው ደግሞ ማንም በማይከፍተው ሃርድ ዲስክ ውስጥ ነው። አያቶች የሚያዩት በቴሌቪዥን ነው። ስልክ ተቀብለው በትንሿ መስታወት ላይ ፊት ሲፈልጉ ዓይናቸው ይደክማል።

እንደ ክብረ መንግሥት ባሉ ከተሞች ለዚህ የሚሰጠው የመጀመሪያው መልስ ብዙ ጊዜ የአሮጌ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ነው። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ትቶት የሄደው ኮምፒውተር ከቴሌቪዥኑ ሥር ይቀመጥና ፊልሙ ሁሉ እዚያ ይጫናል። ሥራውን ይሠራል፤ ግን ያጉረመርማል። ሳሎኑ ማታ መኝታ በሚሆንበት ቤት ደግሞ የማራገቢያው ድምፅ ቀላል ነገር አይደለም። በበጋ አቧራው ማራገቢያው ውስጥ ይገባል፣ ድምፁም በየወሩ እየጨመረ ይሄዳል። ወደ ነገሌ ቦረናና ከዚያም ወደ ሞያሌ ሲወረድ ሙቀቱ ስለሚብስ ማራገቢያው ፋታ አያገኝም።

ከድምፁ የሚብሰው ግን ቆጣሪው ላይ የሚሆነው ነው። አሮጌ ዴስክቶፕ ፊልም ሲያሳይ 80 ዋት ገደማ ይወስዳል እንበል። አጥፍቶ ማብራቱ ስለሚያሰለች እንደበራ ከተተወ በወር 57 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ይቆጥራል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ደግሞ በእርከን የሚሄድ ነው፤ ዝቅተኛው ዋጋ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ስለሆነ አንድ ኮምፒውተር ብቻውን ያንን እርከን ያልፈዋል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ እየተስተካከለ ለአራት ዓመት ከፍ እንዲል መወሰኑ ሲታከልበት፣ «ያለ ዕቃ ነው፣ ለምን ሌላ እንገዛለን?» የሚለው ክርክር እምብዛም አያስኬድም። አምስት ዋት የሚወስድ ትንሽ ሳጥን ሌት ተቀን ቢበራ እንኳ በወር አራት ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም።

ሳጥን ከመግዛት በፊት ግን ቴሌቪዥኑን ራሱን ይሞክሩት። ባለፉት አሥር ዓመታት የተሠሩት አብዛኞቹ የፍላሽ መሰኪያ አላቸው፤ ከዚህ የበለጠ ጸጥ ያለና መብራት የማይበላ መንገድ የለም። ሰው ተስፋ የሚቆርጠው በጥቃቅን ነገሮች ነው። ፍላሹ «ፋት 32» በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ከሆነ ከአራት ጊጋባይት የሚበልጥ ፊልም አይቀበልም፤ ቦታ እያለው «አልገባም» የሚለው ለዚህ ነው። ፊልሙ ገብቶ ድምፁ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ወይም «ፋይሉ አይደገፍም» የሚል ጽሑፍ ከመጣ ፍላሹን አይውቀሱ፤ ፊልሙ «ኤች.265» በተባለው አዲሱ የመጠቅጠቂያ ዘዴ ተዘጋጅቶ፣ ቴሌቪዥኑ የሚያውቀው ግን የቀድሞውን «ኤች.264»ን ብቻ ሊሆን ይችላል። ሃርድ ዲስኩ ተሰክቶ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ከሆነ ደግሞ ከመሰኪያው የሚያገኘው ኃይል አልበቃውም ማለት ነው። ወዲያው ይንቀሉት።

ቴሌቪዥኑ አልችል ካለ አንድሮይድ ቦክስ የሚባለው ዕቃ ይመጣል። ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ፣ አብዛኛው ማራገቢያ የሌለው፣ ከሦስት እስከ ስድስት ዋት ገደማ የሚወስድ ነው። እጃቸው ቴክኒክ ላይ የገባ ወጣቶች ያሉበት ቤት ራስበሪ ፓይ የተባለችውን ትንሽ ኮምፒውተር ማስመጣት ይችላል። ከኮዲ ፕሮግራም ጋር ግሩም ትሠራለች፤ ግን ዝግጅቱ ትዕግሥት ይጠይቃል። እኔ ለአያቶች ቤት ቦክሱን እመርጣለሁ፤ ሪሞት አለው፣ ሲበላሽም ሰፈር ውስጥ የሚያየው ሰው አይጠፋም።

ቦክስ ሲገዛ ወላጅ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ስም የሌላቸው ርካሽ ቦክሶች ከፋብሪካ ሲወጡ ጀምሮ ተንኮል ያለው ፕሮግራም ተጭኖባቸው ሊመጡ ይችላሉ። የአሜሪካው ኤፍቢአይ በ2025 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ባወጣው ማስጠንቀቂያ በዓለም ዙሪያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ዕቃዎች የወንጀለኞች መሣሪያ መሆናቸውን ገልጿል። «ሁሉም የሚከፈልባቸው ቻናሎች በነፃ ተከፍተዋል» ተብሎ የሚሸጥ ቦክስ ሲያዩ ይጠርጥሩ። ቦክሱን የሚፈልጉት ለቤትዎ ፋይል ብቻ ከሆነ ኢንተርኔት ጭራሽ አይስጡት። የዳታ ጥቅልዎም ይተርፋል፤ በመካከለኛ ጥራት አንድ ሰዓት ቪዲዮ ከኢንተርኔት ማየት ከግማሽ እስከ አንድ ጊጋባይት ገደማ ይፈጃል። ልጆችም አባትና እናት የመረጡትን ካርቱን እንጂ አልጎሪዝም ያመጣላቸውን አያዩም።

ሁለት ቴሌቪዥን ላለው ቤት፣ ራውተር ኢንተርኔት ሳይኖረውም ዕቃዎችን እርስ በርስ እንደሚያገናኝ ማወቅ ይበቃል። ሃርድ ዲስኩ አንድ ቦታ ተሰክቶ ጄሊፊን በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሳሎንም መኝታ ቤትም ይታያል።

ዋናው ነገር ግን መብራት ሲሄድ የሚሆነው ነው። ዴስክቶፕ በአንድ ጊዜ ቀጥ ይላል፤ ሃርድ ዲስኩ እየጻፈ ከነበረ ፋይል ሊበላሽ ይችላል። ትንሹ ሳጥን አምስት ቮልት የሚጠቀም ዓይነት ከሆነ ግን አሥር ሺህ ሚሊአምፔር ሰዓት በሆነ ፓወር ባንክ ለብቻው አራት፣ አምስት ሰዓት ይቆያል። ሶላር ያለው ቤት በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ትንሽ ቴሌቪዥን ካለው ደግሞ፣ ሰባት አምፔር ሰዓት ባትሪ ግማሹ ሳያልቅ ሁለቱን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሊያሠራ ይችላል። ከተማው ጨልሞ የእርስዎ ቤት ፊልም እያየ ነው ማለት ነው። የቦክሱ አዳፕተር ላይ «100–240 ቮልት» ተብሎ የተጻፈ ከሆነ ኃይል ሲቀንስ እምብዛም አያስቸግረውም፤ ለብቻው የሚያንጎራጉር ስታብላይዘር መግዛት አያስፈልግዎትም። የሚፈራው መብራት ሲመለስ የሚመጣው ድንገተኛ ኃይል ስለሆነ መብራት ሲሄድ ዲቫይደሩን ይንቀሉ፤ ተመልሶ ሲረጋጋ ይሰኩት።

የሠርግ ካሴት ያላቸው ቤቶች ወደ ፋይል ማስገልበጡን ባያዘገዩት ጥሩ ነው፤ የቪኤችኤስ ክር በዕድሜ ይደክማል፣ ማጫወቻውም እየጠፋ ነው። የተገለበጠውን በሁለት ዲስክ ያስቀምጡ፤ አንዱ በእህት ወይም በወንድም ቤት ይቀመጥ።

ሱቅ ሲሄዱም ባዶ እጅዎን አይሂዱ። የራስዎን ፍላሽ፣ ከባዱን ፊልምና የካሴቱን ግልባጭ ጨምረው ይያዙ። ሻጩ ፊት ያጫውቱት፣ ወደፊትና ወደ ኋላ ያሳልፉት፣ ለግማሽ ሰዓት እንደበራ ይተዉት። ከዚያ ጀርባውን በእጅዎ ይንኩት። ለብ ካለ ደህና ነው፤ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ሌላ እንዲያመጣልዎ ይጠይቁ።