ምዕራፍ 4፦ ማኅበርተኛ ፍለጋ

መጠጥ ለማቆም ስለሚረዱ ቡድኖች የሚጻፈው አብዛኛው ማብራሪያ ያበሳጫል። አንዱ ቡድኑን የስብከት ጉባኤ ያደርገዋል፤ ሌላው ተሰብስቦ መላቀሻ፤ ሦስተኛው ቡድኑ አባላቱን የሚያሳልፍባቸውን 12 ደረጃዎች እንደ መድኃኒት ማዘዣ ቆጥሮ ይሰናበታል። ዋናው ጥያቄ ግን መጠጥ ያቆመው ሰው ቅዳሜ ማታ ከማን ጋር እንደሚያመሽ ነው። የሃርቫርዱ ተመራማሪ ጆን ኬሊና ባልደረቦቹ 1,726 ሰዎች የተሳተፉበትን የአሜሪካ ጥናት መረጃ መርምረው፣ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ (በአጭሩ ኤኤ) በምን መንገድ እንደሚሠራ ሲፈትሹ ጎልተው የወጡት ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ የሚጠጡ ወዳጆች ቀንሰው የማይጠጡት መብዛታቸው፣ እንዲሁም ሰው በተሰበሰበበት «አልጠጣም» የማለት ድፍረት ማደጉ። ሱሱ በጠናባቸው ላይ መንፈሳዊው ለውጥም ድርሻ ነበረው።

ይህ ለእኛ ሰው ይበልጥ ይሠራል ብዬ እከራከራለሁ። ወዳጅነታችን በአብዛኛው በብርጭቆ ዙሪያ ነው። ጓደኛ የሚገኘው ድራፍት ቤት ነው፣ ዝክሩ ያለ ጠላ አይደምቅም፣ ሠርግ ላይ «በሞቴ!» ይከተላል። «አቆምኩ» ያለ ሰው «ምን ነካህ፣ አመመህ?» ይባላል። ስለዚህ ብቻውን ያቆመ ሰው ከመጠጡ ጋር ወዳጁንም ያጣል፤ ምሽቱ ይረዝምበታል፣ ከዚያ «አንድ ብቻ» ይላል።

እንግዲህ ቡድኑን ለመረዳት እቁብን ያስቡ። ዕጣ የወጣለት ሰው ብሩን ይዞ ቢጠፋ የቀሩት ይከስራሉ፤ ስለዚህ ከወሰደም በኋላ መጣሉን ይቀጥላል። መጠጥ ካቆመ 10 ዓመት የሞላው ሰውዬ ዛሬም ስብሰባ የሚመጣው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ድርሻውን ወስዷል፣ አሁን እየከፈለ ነው። «ስፖንሰር» የሚሉት፣ አዲሱን ሰው ይዞ ደረጃዎቹን የሚያሳልፈው ነባር አባል፣ ዋስ መሆኑ ነው። ሰብሳቢውም በተራ የሚቀያየር ዳኛ ነው። ቅጣቱስ? እዚህ ላይ ምሳሌዬ ያነክሳል፤ እቁብ ያስተጓጎለ ይቀጣል፣ እዚህ ግን ወድቆ የተመለሰ ይጨበጨብለታል። ቢሆንም አልለቀውም፤ ዕጣው በየቀኑ ለሁሉም የሚወጣበት እቁብ ነው ብል ምን ይለኛል?

አሁን ወደ አንድ የቆየ ንትርክ። «ኤኤ የሚሳካለት ከመቶ አምስት ለሚሆኑት ብቻ ነው» የሚል አሃዝ ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ ይዞራል። በ2020 የወጣው የኮክሬን ግምገማ 27 ጥናቶችንና 10,565 ተሳታፊዎችን ሰብስቦ ያገኘው ሌላ ነው። ሰዎችን በተደራጀ መንገድ ከኤኤ ጋር የሚያገናኝ ሕክምና ካገኙት መካከል ከዓመት በኋላ ሙሉ በሙሉ ሳይጠጡ የተገኙት 42 ከመቶ ግድም፣ ሌላ ሕክምና ካገኙት ደግሞ 35 ከመቶ ግድም ነበሩ። ተአምር አይደለም፤ ግን ኤኤ ራሱ በነጻ የሚገኝ በመሆኑ ትልቅ ልዩነት ነው። «ወትሮም ቆርጠው የተነሱት ናቸው የሚሄዱት» የሚለው ተቃውሞ ከሁሉም የረባው ነው። ኪት ሃምፍሪስና ባልደረቦቹ በ2014 በዕጣ የተመደቡ ሰዎችን መረጃ መልሰው በመተንተን ይህን አድልዎ አውጥተው ሲያዩት እንኳ፣ ብዙ ስብሰባ መገኘት መጠጥ የሌለባቸውን ቀናት ጨምሯል።

ዋናው ነገር ከማን ጋር ማምሸት ከሆነ የቡድን አመራረጡም ከዚሁ ይወጣል። ለምሳሌ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የሚኖር ሰው «ሚቲንግ ጋይድ» የሚባለውን ነጻ መተግበሪያ ከፍቶ ለቤቱ ወይም ለሥራው የቀረበውን ይምረጥ፤ በተለይ ድሮ መጠጥ ቤት ይገባበት በነበረው ሰዓት የሚካሄደውን። «ክፍት» የሚባለው ለማንም ነው፤ «ዝግ» የሚባለው መጠጥ ማቆም ለሚፈልግ ሰው ብቻ። አብዛኛውን ጊዜ ቦታው የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው፤ ተጣጣፊ ወንበር፣ ቡና፣ አንድ ሰዓት ግድም። ስም የሚጠራው የመጀመሪያው ብቻ ነው፣ መናገር ያልፈለገ «አልፋለሁ» ይላል። ለመዋጮ በሚዞረው ቅርጫት ውስጥ ገንዘብ መጣል ግዴታ አይደለም። ቀድመው ይድረሱ፣ ሲያልቅም አይሩጡ፤ የሰው ትውውቅ የሚጀምረው ከንግግሩ በፊትና በኋላ በቡናው ዙሪያ ነው። አንዱ ካልተስማማዎት ሌላ ይሞክሩ። የእምነት ቃላቱ ከከበዱዎት በ1994 የተመሠረተው ስማርት ሪከቨሪ የሚባል ቡድን በሌላ መንገድ ይሠራል።

አንድ ነገር ግን ቡድን አይችለውም። በየቀኑ አብዝቶ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ካቆመ የሚጥል መንፈራገጥና ቅዠት ሊመጣበት ይችላል፤ ይህ ይገድላል። ሐኪም ይቅደም። ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት የሚወስድን አባል «አሁንም ሱሰኛ ነህ» የሚል ነባር ካጋጠመ ደግሞ አይስሙት፤ የኤኤ የራሱ ጽሑፍ አባላት በሐኪም ቦታ ገብተው እንዳይመክሩ ያሳስባል።

የሚቀረው ፍርሃት «ሐበሻ ያየኛል፣ ወሬው ቡና ላይ ይደርሳል» የሚለው ነው። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፤ የቡድኑን የምስጢር ደንብ የሚያስጠብቅ ፖሊስ የለም። ሆኖም እዚያ ያየዎት ሐበሻም እዚያው ወንበር ላይ ነው፤ ካወራ ራሱንም ያወራል። እስኪለምዱ ድረስ ራቅ ያለ ሰፈር ወይም በዙም የሚካሄድ ስብሰባ መጀመር ነውር የለውም፤ ግን በዚያ አይቆዩ፤ በስክሪን ያወቁት ሰው ሠርግ ሲመጣ አብሮዎት አይሄድም። ለዚህ ነው ከመጀመሪያው ስብሰባ ሲወጡ ወንድ ከሆኑ ከወንድ፣ ሴት ከሆኑ ከሴት የሁለት ሦስት ሰው ስልክ ይዞ መውጣት የሚመከረው። የሚደወለውም ከተጠጣ በኋላ ሳይሆን ለሠርጉ ሲለብሱ ነው።