ካካዎ ለሚተክል እንግዳ

ከሊሞን ወደብ ተነስቶ የካሪቢያንን ባሕር ይዞ ወደ ፓናማ ድንበር ለሚወርድ መንገደኛ ካዊታ፣ ፑዌርቶ ቪዬሆ፣ ማንሳኒዮ የሚባሉ የባሕር ዳር መንደሮች ተራ በተራ ይመጣሉ። አገሩ ኮስታ ሪካ ነው። ከእነዚህ መንደሮች ጀርባ ባሉት ኮረብታዎች ላይ ጥቂት ሄክታር ገዝቶ ካካዎ የሚያለማ አሜሪካዊ፣ ጀርመናዊ ወይም ጣልያናዊ ማግኘት ዛሬ ብርቅ አይደለም። አመጣጣቸው ብዙ ጊዜ ይመሳሰላል፤ ቸኮሌት ይወዳሉ፣ በከተማ ሥራ ያጠራቀሟት ገንዘብ አለች፣ ሞቃትና ለምለም አገር መኖር ይመኛሉ። የሚያዩት መሬትም ያማልላል። ከትልልቅ ዛፎች ሥር ሐረግ የወረሳቸው፣ የዛፍ ሽበት የለበሱ አሮጌ የካካዎ ተክሎች ቆመው ያገኛሉ፤ ሻጩም "ተክሉ አለልህ፣ ያንተ ሥራ መልቀም ብቻ ነው" ይላቸዋል። ገዢው ከሁሉ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ግን ባለቤቶቹ ይህን ሁሉ ተክል ለምን ጥለው እንደሄዱ ነው።

መልሱ ከሩቅ ይጀምራል። በዚህ ዳርቻ ካካዎ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በማቲና ሸለቆ፣ በባርነት በተያዙ አፍሪካውያን ጉልበት ይመረት ነበር። አገሩ ያኔ ብር ያጠረው ድሃ ቅኝ ግዛት ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1709 የካካዎ ዘር ሕጋዊ መገበያያ እስከ መሆን ደረሰ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የባቡር ሐዲድ ሊዘረጉ ከጃማይካና ከሌሎች ደሴቶች የመጡ ሠራተኞች እዚያው ቀሩ። በ1899 የተመሠረተው ዩናይትድ ፍሩት ካምፓኒ ምድሩን በሙዝ ሸፈነው፤ ሙዙን በሽታ ሲጨርሰው በቦታው ካካዎ ተተከለ። ኩባንያው በ1930ዎቹ ወደ ፓስፊክ ዳርቻ ሲሻገር ጥቁር ሠራተኞቹን ይዞ እንዳይሄድ በ1934 ከመንግሥት ጋር በገባው ውል ስለተከለከለ፣ የሠራተኞቹ ቤተሰቦች ሊሞን ላይ ቀርተው በየትንሽ ማሳቸው ካካዎ አልምተው ልጆቻቸውን አሳደጉ፣ አስተማሩ። ከዚያ በ1978 ሞኒሊያ የሚባል የፈንገስ በሽታ ገባ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአገሪቱ የካካዎ ምርት በ80 በመቶ ገደማ ወደቀ። ዕዳ ያለበት መሬቱን ሸጠ፤ ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ከመንደሩ ወጣ፤ ማሳውን ጫካ ዋጠው። እንግዳው ዛሬ የሚዋዋልበት መሬት ከዚያ ውድቀት የተረፈ ነው። ይህን ሳያውቅ የሚገባ ሰው ጎረቤቶቹንም ተክሉንም አያውቃቸውም ብዬ አምናለሁ።

ፈንገሱ ዛሬም አለ። የሚያጠቃው ፍሬውን ብቻ ስለሆነ ዛፉ እንደለመለመ ይቆያል፤ አዲሱን ገበሬ የሚያዘናጋውም ይኸው ነው። በነፋስ የመጣች ብናኝ ጨቅላ ፍሬ ላይ ታርፍና ወደ ውስጥ ትዘልቃለች። ከዚያ በኋላ ለአንድ ወር፣ አንዳንዴም ከሁለት ወር በላይ ፍሬው ጤነኛ መስሎ ያድጋል። መጀመሪያ የሚታየው እብጠት ነው፤ የፍሬው ጎን ያለ ቅጥ ጉብ ጉብ ይላል። ወይም አንዱ ፊቱ ጊዜው ሳይደርስ ብስል መስሎ ቢጫ ይሆናል። ቀጥሎ ጥቁር ቡናማ ነቁጥ ይወጣና እየሰፋ ይሄዳል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ነቁጡ ነጭ ዱቄት ይለብሳል። ዱቄቱ ውሎ ሲያድር ወደ ቡኒ ይለወጣል፤ ሲነካ ይቦናል። በአንድ በታመመ ፍሬ ላይ ያለው ብናኝ በቢሊዮን ይቆጠራል። ፍሬውን ለሁለት ቢሰነጥቁት ዘሩ ተጣብቆና ተበላሽቶ ይገኛል፤ ከእንግዲህ ለምንም አይሆንም።

መድኃኒቱ እግርና ገጀራ ነው። ገበሬው በየሳምንቱ ማሳውን እየዞረ እያንዳንዱን ዛፍ ከሥር እስከ ጫፍ ይመለከታል፤ ያበጠውን፣ ቢጫ ያለውን፣ ነቁጥ የያዘውን ፍሬ ነጩ ዱቄት ሳይወጣበት ቆርጦ ይጥላል። የተቆረጠው ፍሬ ማሳው ውስጥ ከወዲያ ወዲህ አይጓጓዝም፤ እዚያው መሬት ላይ ይተውና በረገፈ ቅጠል ይሸፈናል። ዱቄት የለበሰውን መወርወር ብናኙን ለጎረቤት ዛፍ መላክ ነው። ዛፉ ከሦስት ወይም ከአራት ሜትር በላይ እንዳይረዝም የሚገረዘውም ለዚሁ ነው፤ ዓይን ያላየውን ፍሬ እጅ አይቆርጠውም። ይህ ሥራ ሳምንት መዝለል አይወድም። መሬቱን ገዝቶ ዓመቱን ሙሉ አገሩ እየኖረ በስልክ ሊያስተዳድር የሚያስብ ሰው ካካዎ ባይተክል ይሻለዋል፤ ሌላ የሚለማ ነገር አለ።

ተስፋ የሚሰጥ ነገርም መጥቷል። ቱሪያልባ ከተማ ያለው ካቲዬ የተባለው የትሮፒካል ግብርና ምርምርና ትምህርት ማዕከል ከ1,200 በላይ የካካዎ ዓይነቶች በአንድ ቦታ ሰብስቦ ይዟል። በማዕከሉ ዊልበርት ፊሊፕስ ሞራ የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ረጅም ዓመታት ለፍተው ለሞኒሊያ የማይበገሩ፣ ምርታቸውም ደህና የሆነ ዝርያዎች አውጥተዋል፤ ካቲዬ አር-4 እና ካቲዬ አር-6 ከመካከላቸው በጥንካሬ የታወቁት ናቸው። ከእነዚህ የተዳቀለ ችግኝ የሚተክል ገበሬ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት የመጀመሪያውን ፍሬ ያያል፤ ሙሉ ምርት የሚጠብቀው ግን ከስድስተኛው ዓመት ወዲያ ነው። አንድ ዝርያ ብቻ መርጦ ማሳውን መሙላት አያዋጣም። ብዙዎቹ የካካዎ ዝርያዎች በገዛ ራሳቸው ብናኝ ፍሬ አይቋጥሩም፤ ተስማሚ ዘመድ አጠገባቸው ካልቆመ አበባቸው ሜዳ ላይ ይረግፋል። ስለዚህ አምስት ስድስት ዓይነት ተቀላቅሎ፣ በረድፍ ታስቦበት ይተከላል።

አበባውን ቀርቦ ማየት ያስደስታል። ከቅርንጫፍ ጫፍ ሳይሆን ከግንዱና ከወፍራሙ ቅርንጫፍ ላይ በቀጥታ ይወጣል፤ ከአንድ ሳንቲም ሜትር ብዙም የማይበልጥ፣ ነጣ ያለ፣ ወደ ሮዝ የሚያደላ ነው። ንብ አትደርስበትም። የሚያራባው ከትንኝ ያነሰ በራሪ ነፍሳት ሲሆን፣ እሱም የሚፈለፈለው እርጥበት ባለው የበሰበሰ ቅጠልና የሙዝ ግንድ ውስጥ ነው። ከመቶ አበባ ፍሬ የሚሆነው ከአምስት አያልፍም። ከአውሮፓ የመጣ ንጹሕ አትክልተኛ የረገፈውን ቅጠል ሁሉ ጠርጎ፣ የወደቀውን የሙዝ ግንድ አውጥቶ ማሳውን እንደ ግቢ ሲያሳምር፣ ሳያውቀው የአራቢዎቹን ቤት ያፈርሳል። በካካዎ ማሳ ውስጥ ብስባሽ ሀብት ነው።

ጥላም እንዲሁ። በጂማ ወይም በይርጋጨፌ የቡና ማሳ ያየ ሰው ሊሞን ላይ ብዙ አይደናገርም፤ ላውሬል የሚባለው የጥላ ዛፍ የዋንዛ የቅርብ ዘመድ ነው፣ ፖሮ የሚሉትም የኮርች። ችግኙ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጠበቅ ያለ ጥላ ስለሚፈልግ በመካከሉ ሙዝ ይተከላል፤ ሙዙ ለችግኙ ጥላ፣ ለገበሬው ደግሞ ካካዎው እስኪደርስ የዕለት ገቢ ነው። ዛፉ ሲጎለምስ ጥላው ይሳሳል፤ ጥላ ሲበዛ እርጥበት ይታፈናል፣ እርጥበት ደግሞ ሞኒሊያን ይጠራል።

መሬቱን በተመለከተ ኮስታ ሪካ ለውጭ ሰው በሯን የከፈተች አገር ናት፤ በጎብኚነት የገባ ሰው እንኳ በስሙ መሬት መግዛት ይችላል፣ ተቀጥሮ መሥራት ግን አይፈቀድለትም። አደጋው ወረቀቱ ላይ ነው። በደቡብ ካሪቢያን ብዙ መሬት በብሔራዊ መዝገብ ቤት ያልተመዘገበ፣ በይዞታ ብቻ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ነው። ከባሕር ጠርዝ የመጀመሪያው 50 ሜትር የሕዝብ ነው፤ ቀጣዩ 150 ሜትር በማዘጋጃ ቤት ፈቃድ የሚያዝ ሲሆን፣ የውጭ ዜጋ ፈቃዱን ለማግኘት አምስት ዓመት አገሪቱ ውስጥ መኖር አለበት። በ1977 በወጣው ሕግ መሠረት የነባር ሕዝቦች ክልል ለውጭ ሰው ቀርቶ ለሌላ ኮስታ ሪካዊም አይሸጥም፣ አይከራይም። የ1996ቱ የደን ሕግ ደግሞ ደን ያለበትን መሬት ወደ እርሻ መለወጥ ይከለክላል፤ ስለዚህ ያ ጫካ የዋጠው አሮጌ የካካዎ ማሳ በሕጉ ዓይን ደን ነው ወይስ እርሻ የሚለውን ከግዢው በፊት ማረጋገጥ የግድ ነው። ሻጩ ያመጣው ጠበቃ ለሻጩ ይሠራል፤ ገዢው የራሱን ይያዝ።

ሠራተኛ የሚቀጥር ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለማኅበራዊ ዋስትናው መሥሪያ ቤት ማስመዝገብ፣ የሥራ ላይ አደጋ መድን መግባትና በታኅሣሥ የ13ኛ ወር ደመወዝ መክፈል ግዴታው ነው። ይህን ወጪ ከሂሳቡ ውስጥ ሳያስገባ ማሳ የጀመረ እንግዳ ገንዘቡ ሲያልቅበት የመጀመሪያው ተጎጂ ሠራተኛው ነውና፣ እዚህ ላይ መቀለድ አይገባም።

ታላማንካ ተራሮች ላይ የሚኖሩት ብሪብሪ የተባሉት ነባር ሕዝቦች ስለዚህ ተክል ከማንም በላይ ያውቃሉ። በእነርሱ አፈ ታሪክ የካካዎ ዛፍ ቀድሞ ሴት ነበረች፤ በሥርዓት ቀን የሚጠጣውን ካካዎ የሚያዘጋጁትም ሴቶች ብቻ ናቸው። ጎሳ የሚቆጠረው በእናት በኩል ነው። የብሪብሪና የካቤካር ሕዝብ ገበሬዎች በ1987 በተመሠረተው፣ አፕታ በተባለው የአምራቾች ማኅበር በኩል ያለ ኬሚካል ያመረቱትን ካካዎና ሙዝ ለውጭ ገበያ ሲያቀርቡ ኖረዋል። እንግዳው መሬት ከመግዛቱ በፊት አንድ ዓመት በእንዲህ ያለ ማሳ ላይ ቢሠራ፣ ከማንኛውም መጽሐፍ የበለጠ ይማራል።

ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ያለው ሥራ በቡና አገር ላደገ ሰው አዲስ ነው። ቡና እሸቱ እንደተለቀመ አልጋ ላይ ቢደርቅ እንኳ ጣዕሙን ይሰጣል። ካካዎ ካልተብላላ ግን የቱንም ያህል ቢቆላ የቸኮሌት ጣዕም የለውም። ፍሬው ዘሩን በማይቆርጥ ደንደን ባለ ስለት ወይም በእንጨት ተመትቶ ይከፈታል፤ ውስጡ በነጭ ጣፋጭ ሥጋ የተለበጡ ከ30 እስከ 40 የሚደርሱ ዘሮች አሉ። ከነሥጋቸው ከእንጨት በተሠራ ሣጥን ውስጥ ተሞልተው የሙዝ ቅጠል ይለብሳሉ። በመጀመሪያው ቀንና በማግስቱ እርሾ ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጠዋል፤ ቤቱ የጠላ ሽታ ይሸታል። ከዚያ ክምሩ ሲገለበጥና አየር ሲያገኝ አልኮሉ ወደ ሆምጣጤ ይለወጣል፤ ሙቀቱ እስከ 45፣ አንዳንዴም እስከ 50 ዲግሪ ይወጣል። በዚህ ጊዜ ዘሩ የመብቀል ኃይሉን ያጣል፣ በውስጡም የቸኮሌትን ጣዕም የሚሠሩት ለውጦች ይጀምራሉ። ከአምስት፣ ስድስት ቀን በኋላ ዘሮቹን በቁመታቸው እየሰነጠቁ ማየት ነው፦ ቡናማ ሆኖ ውስጡ የተሰነጣጠቀ በደንብ ተብላልቷል፣ ሐምራዊው ይቀረዋል፣ እንደ ሰሌዳ ድንጋይ የጠቆረው ጨርሶ አልተነካም።

ክምሩ እንዲሞቅ መጠኑ መብዛት አለበት። ጥቂት ዛፍ ያለው ጀማሪ በሳምንት የሚለቅመው ሣጥኑን ስለማይሞላለት ሙቀቱ አይነሳም፤ ከጎረቤቶቹ እርጥቡን ዘር ገዝቶ ይጨምራል፣ ወይም የራሱን እርጥብ እንዳለ ለማኅበር ይሸጣል። ማድረቁም ራሱን የቻለ ፈተና ነው፤ የካሪቢያን ዳርቻ ጥርት ያለ በጋ የለውም። ዘሩ ከሰባት በመቶ በላይ እርጥበት ይዞ ጆንያ ከገባ ይሻግታል። ስለዚህ አልጋው ጣሪያው በሐዲድ ላይ የሚንሸራተት ወይም በላስቲክ የተሸፈነ ይሆናል። በእንጨት እሳት ለማድረቅ የቸኮለ ሰው ጢሱን ከዘሩ ማውጣት አይችልም፤ ገዢው ቸኮሌቱን ሲቀምስ ያገኘዋል።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ በሦስት ሜትር ርቀት የተተከለ አንድ ሄክታር 1,111 ዛፍ ይይዛል። ዛፉ በዓመት ግማሽ ኪሎ ደረቅ ዘር ቢሰጥ፣ ይህም በደንብ የተያዘ ማሳ ነው፣ አምስት ኩንታል ተኩል ገደማ ይሆናል። ለአንድ ኪሎ ደረቅ ዘር ከ20 እስከ 25 ፍሬ ስለሚያስፈልግ ከአሥር ሺህ በላይ ፍሬ በእጅ ተቆርጦ በእጅ ተከፍቷል ማለት ነው። ኪሎው በሦስት ዶላር ቢሸጥ የዓመቱ ገቢ ወጪ ሳይቀነስ 1,650 ዶላር ገደማ ነው። በታኅሣሥ 2024 የኒው ዮርክ ዋጋ በቶን ከ12,000 ዶላር አልፎ ነበር፤ በዚያ ሰሞን ስሌታቸውን የሠሩ ብዙዎች ናቸው፣ ዋጋው ግን ከዚያ ወዲህ በብዙ ወርዷል። ለአውሮፓ መሸጥ የሚያስብ ደግሞ አፈሩ ካድሚየም የተባለ መርዛማ ብረት እንዳይኖርበት ያስመርምር፤ የአውሮፓ ኅብረት ከ2019 ጀምሮ በቸኮሌት ውስጥ የሚፈቀደውን መጠን ገድቧል። ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ የተተከለ ካካዎ እንዳይገባ የሚከለክለው የአውሮፓ ሕግም ወጥቷል፣ አፈጻጸሙ በተደጋጋሚ ቢራዘምም።

ስለዚህ በፑዌርቶ ቪዬሆ አካባቢ የቆዩት እንግዶች በዘር ሽያጭ ብቻ አይኖሩም። ቸኮሌቱን እዚያው ቆልተው ፈጭተው ይሠራሉ፣ ለጎብኚ ማሳቸውን ያሳያሉ፣ ከጎረቤቶቻቸው እርጥብ ዘር እየገዙ ሣጥናቸውን ይሞላሉ። የሚከፍሉት ዋጋ በደላላ ከሚሰጠው ከፍ ሲል፣ ጎረቤቱም ትቶት የነበረውን ማሳ እየገረዘ በየሳምንቱ የታመመውን ፍሬ መቁረጥ ይጀምራል፤ ያ ደግሞ ከጎረቤት ማሳ በነፋስ የሚመጣውን ብናኝ ይቀንሳል።